መኪናው ቤት ነው ወይስ መኪና? ከኦሮራ ኦማሃ በአራት ቀን ላደረሱን የጉዞ አሚር

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ጠልሀ፣
የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የሃያ ሁለት ዓመት የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር፣ የጉዟችን አሚር፣ በራሳቸው ምስክርነት አንድም ቀን መንገድ ጠፍቷቸው የማያውቁ፤
ባሉበት።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በሚነዱት ነገር ሁሉ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ነዳጅ የሚረግጠው ቀኝ እግርዎ ደኅና ነው? ስለ እግርዎ ለይቼ የጠየቅሁት በክፋት አይደለም፤ በአራት ቀን ጉዞ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ስላላየሁት ታሞ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ቁመት የጨመርኩ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያወጣሁት፣ በኮልፋክስ ጎዳና ባለው ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም እንዲለጠፍ የላክሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ዕቃ አድርሱልን ያሉ አሥራ አንድ ቤተሰቦች «ሽሯችን ለምን ረጠበ?» እያሉ እናቴን በስልክ ስላስጨነቋት ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልስ መስጠት ይሻላል ብዬ ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም በእንግሊዝኛ ብጽፈው መነጽሬን አላመጣሁም እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ረሻድ በጥር ወር፣ በበረዶ ቀን፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ሪሃብ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ኦማሃ ወዳሉት ወላጆቿ ሄደች፤ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋትም ወንድ ልጅ ወለደች። በእኛ ልማድ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረድለታል፣ ስምም ይወጣለታል፤ ቀኑ የሚያበቃውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስም የሚያወጣው አባት ነው። ረሻድ ገና በታኅሣሥ፣ ከኮልፋክስ ሳምቡሳ ገዝተን መኪናው ውስጥ ስንበላ፣ የመረጠውን ስም ነግሮኝ ነበር። «ሪሃብም አታውቅም። ከልጁ ጆሮ በፊት ማንም እንዳይሰማው። አፍህን መያዝ ካልቻልክ ሳምቡሳውን መልስ» አለኝ። ሳምቡሳውን በልቼዋለሁ። ስለዚህ ስሙን በስልክ ልኬ መገላገል አልችልም ነበር።

የሪሃብ አባት ሀጂ ይህን ሲሰሙ «እሑድ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቀዋለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ስም ሳይኖረው አያድርም፣ እኔ ያዘጋጀሁትን እሰጠዋለሁ» አሉ። ከምንኖርበት ከኦሮራ እስከ ኦማሃ በመኪና ስምንት ሰዓት ነው። እኛ የተነሣነው ሐሙስ ማለዳ ነው። ለስምንት ሰዓት መንገድ አራት ቀን ተሰጥቶት ሰው ማስጨነቅ የሚችል ሹፌር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አላህ ለእኛ ሰጠን። ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው። ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን አሚር፣ ማለትም መሪ፣ ያድርጉ መባሉን አውቃለሁ፤ አልቃወምም። አራት ነበርን፦ እርስዎ፣ ባለቤትዎ እትዬ ሰሊማ፣ እናቴ ሀጂራ እና እኔ። እርስዎ ለራስዎ ድምፅ ሰጡ። እናቴ ወገቧን ይዛ «ኧረ ማንም ይሁን፣ ብቻ እንሂድ» ስትል እንደ ድጋፍ ተቆጠረባት። እትዬ ሰሊማ ሳቁ፤ ሳቅም ድምፅ ነው ተባለ። እኔ እጄን ሳወጣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ መምረጥ እንደማልችል በትሕትና አስታወሱኝ። ለዚህ የሥነ ዜጋ ትምህርት አመሰግናለሁ፤ ከትምህርት ቤቴ ቀርቼ ያመለጠኝን ክፍለ ጊዜ ተክቶልኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ መኪናው ማንነት። እናቴ በወገቧ ምክንያት ስምንት ሰዓት ቁጭ ማለት ስለማትችል፣ ጓደኛዎ መካኒኩ ጋሽ ጣሰው አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለውን መኪናቸውን አዋሱን። አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን ከሐሙስ ጀምሮ ይህ ነገር መኪና ይሁን ቤት እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር ሆነ። ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የእትዬ ሰሊማ ወዳጅ በር ላይ ቆመን ዕቃ ስንቀበል፣ የሰፈሩ ማኅበር ሴትዮ መጥተው ሰው የሚኖርበት ተሽከርካሪ እዚህ ማቆም ክልክል ነው ሲሏቸው፣ እርስዎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው መኪና እንጂ ቤት እንዳልሆነ ማሉላቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር ሰዓት ደረሰ፤ እኔም መንገደኛ ሶላቱን ያሳጥራል ብዬ ባስታውስዎ «በገዛ ቤትህ ውስጥ ተቀምጠህ ምን ዓይነት መንገደኛ ነህ?» አሉኝ። ደግሞም መንገደኛ የሚባለው የከተማው ቤቶች ሲያልቁ ነው አሉ። ይህ ሕግ የወጣው ኦሮራ ሳትሠራ ነው። በምሥራቅ በኩል ቤቶቹ አለቁ ባልን ቁጥር አዲስ ሰፈር ባንዲራ ሰቅሎ፣ ሣር አንጥፎ፣ «አሁን መግባት ይቻላል» እያለ ይቀበለን ነበር።

በዚሁ በቁጥር ሁለት ሥር የጫማውንም ጉዳይ አነሣለሁ። ቤት ስለሆነ በጫማ አይገባም ብለው አዘዙ። ታዘዝን። ሎውሪ ላይ አራታችንም ጫማችንን በደረጃው ሥር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገን በሥርዓት ደርድረን ገባን። ከሶላት በኋላ ግን ቤቱ ያለ ማስታወቂያ መኪና ሆነና ሄደ። ጫማዎቹ ቀሩ። እኚያ የማኅበሩ ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው አራት ጥንድ ጫማ ሲመለከቱ፣ ሰዎቹ ወደ ሰማይ አርገዋል ብለው እንዳይሆን እፈራለሁ። ጫማዎቹን ፍለጋ ስንመለስ ሴትዮዋ አንስተዋቸዋል። እኔ ኦማሃ የገባሁት በእትዬ ሰሊማ ሮዝ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ አደራ። በቴሌግራም ላይ «ወደ ኦማሃ ሰፊ መኪና አለን» ብለው የጻፉት ቃል በአጻጻፉ እንከን የለበትም፤ ሰፊ የሚለው ቃል ግን ተነበበ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ኦሪጅናል ኦሮራ ከሚባለው ሰፈራችን ወደ ፓርክ ሂል ሰፈር፣ ከፓርክ ሂል ወደ ሎውሪ፣ ከሎውሪ እንደገና ወደ ኦሮራ ስንመላለስ አሥራ አንድ ቤት አንኳኳን። ሽሮ፣ በሶ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ የሠርግ ቀሚስ፣ አንድ ጎማ የሌለው የልጅ ብስክሌት ተቀበልን። ብስክሌቱን ለምን ከነጉድለቱ እንደሚልኩት ስጠይቅ ጎማው ኦማሃ እንዳለ ተነገረኝ። ፓርክ ሂል ላይ ወይዘሮ ጌጥነሽ ለልጃቸው ለናቲ አንድ ካርቶን ቆሎ ከሰጡን በኋላ እጃቸውን በመኪናው ላይ ጭነው በኢየሱስ ስም ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጸለዩልን፤ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ አራቱንም ጎማና ትርፉን በየስማቸው እየጠሩ ባረኩ። እርስዎም ባርኔጣዎን አውልቀው በየመሃሉ «አሚን» ሲሉ አንዴም ሰዓትዎን አላዩም። ወይዘሮ ጌጥነሽ ሆይ፣ ካነበቡት፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የጸለዩለት ሁሉ ደርሷል። ጣሪያው ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ስላልጠሩት ግን እርስዎ ሰፈር መውጫ ላይ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ወስዶታል።

አራተኛ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ጥላ ይሁናት ብለው የመኪናውን የጎን ድንኳን ዘረጉ። ደግነት ነው። ሳይሰበስቡት መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ድንኳኑ በጎን እየተውለበለበ ኮልፋክስን ከጫፍ ጫፍ ስንነዳ የሀገራችን ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ጥሩንባ እየነፉ ተከተሉን፤ ከአንድ ፀጉር ቤት የወጡ ሴቶች እልል አሉ፤ አንድ ሽማግሌ በመስኮት «ሙሽራው የታል?» ብለው ሲጠይቁ እርስዎ ሳያቅማሙ ወደ እኔ ጠቆሙ። ሦስት የክፍሌ ልጆች ከአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሆነው ቪዲዮ ቀርጸውኛል። ትምህርት ቤት ስመለስ «የሠርግህ ቀን» እየተባልኩ የምመረቅ ይመስለኛል።

ያን ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ከተነሣንበት ቤታችን አራት መንገድ ብቻ ርቀን ነበር። እኔ በአልጋዬ ልተኛ ብዬ ብለምንዎ «ከቤቱ የወጣ መንገደኛ አይመለስም» አሉኝ። ለሶላት መንገደኛ አልነበርኩም፤ ለአልጋዬ ግን መንገደኛ ሆንኩ። መኪናው ውስጥ ከብስክሌቱ ጋር ተኛሁ።

አምስተኛ። ይህን ቁጥር ባዶ ልተወው ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከኮልፋክስ ወደ ሀይዌዩ መግቢያ ደረስን። ፍሬቻ አበሩ። አልገቡም፤ ቀጥ ብለው አለፉና ዞረው ተመለሱ። እንደገና ፍሬቻ አበሩ፣ እንደገና አለፉ። ሦስት ጊዜ። እኔ ከኋላ ሆኜ ለዚህ ደብዳቤ እየቆጠርኩ ነበር፤ እንዲያውም «ፍሬቻው ደከመው» የሚል ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነበር። በአራተኛው እናቴ ከተኛችበት ሆና «ጋሼ፣ በረዶው ነው እንጂ ያንተ ትምህርት አይደለም። በል ግባ። ልጁ እየጠበቀን ነው» አለችዎ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ረሻድን ሀይዌይ መግባት ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ያስተማሩትም በዚያው መግቢያ ነው፤ አደጋው የደረሰውም ከዚያ ሁለት መውጫ አልፎ ነው። ለምን ሐሙስን ሙሉ በየሰፈሩ እንደዞርን፣ አሥራ አንድ ቤት ለምን እንዳልበዛብዎት፣ ያኔ ገባኝ።

ገቡ። መሪውን በሁለት እጅዎ እንደያዙ፣ አፍዎ ቁርኣን እየቀራ፣ በሰዓት አርባ አምስት ማይል ገቡ። ስለዚህ በአምስተኛው ቁጥር ሥር ክስ የለኝም። ስለ አርባ አምስት ማይሉም ከእንግዲህ ትንፍሽ አልልም፤ እስከ ቁጥር ሰባት ድረስ።

ስድስተኛ፣ ስለ ውኃ። ጋሽ ጣሰው መኪናውን ሲያስረክቡን ንጹሑ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የታጠብንበትም ውኃ ከሥር ባለው በርሜል እንደሚጠራቀም በዝርዝር ነግረውን ነበር። ጋሽ ጣሰው ግን የሚያውቁት ቅዳሜና እሑድ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጡ ሁለት ሰዎችን ነው። አራት ሰዎች በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ ሲያደርጉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ እግሩን እስኪቀላ የሚያጥብ እርስዎን የመሰለ ጥንቁቅ ሰው ሲሆን፣ በርሜሉ አሳቡን ይለውጣል። ዓርብ ማምሻውን፣ ስተርሊንግ ከተማ አጠገብ፣ ከሐሙስ ጀምሮ የታጠብንበት ውኃ ሁሉ በመታጠቢያው ወለል ቀዳዳ ተመልሶ ሊጠይቀን መጣ። አልጋው ሥር ያለውን አደራ በየተራ ዘየረ። ሽሮው መኪናው ውስጥ ተቦካ። ቅዳሜን ሙሉ በመኪና ማረፊያ ሣር ላይ የሰው በሶና የሠርግ ቀሚስ አሰጥተን ስንገለባብጥ ዋልን፤ በአጠገባችን ያረፉ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት የምንሸጥ መስሏቸው የቀሚሱን ዋጋ ጠየቁን። እርስዎም ዋጋ ነገሯቸው! እትዬ ሰሊማ ባይደርሱ ኖሮ ዛሬ አንዲት የኦማሃ ሙሽራ ሣር ላይ የተሰጣውን በሶ ለብሳ ታገባ ነበር።

ያን ቅዳሜ፣ በፈቃድዎ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ሀጂ ደውለው «ነገ ነው እንግዲህ፣ የት ደረሳችሁ?» ሲሉ እርስዎ በልበ ሙሉነት «ልንደርስ ነው» ባሉበት ሰዓት፣ ረሻድ የነገረኝን ስም ልለውጠው አስቤ ነበር። ሁለት ሌላ ስም መርጬ እስከ ማወዳደር ደርሼ ነበር። ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ሰባተኛ፣ ስለ ፍጥነት። እሑድ በሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ ኔብራስካ ውስጥ ጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ፈረስ የጫነ ተጎታች፣ ሌላው ቀርቶ አንድ የተበላሸ መኪና የሚጎትት መኪና ከነተጎታቹ አለፈን። ይህ ሁሉ ይሁን። ቀትር ላይ ግን ከኋላችን ቢጫ መብራት እያብለጨለጨ አንድ ነገር መጣ፤ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ተጎታች የተጫነ እውነተኛ ቤት ነበር፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ በረንዳው ሁሉ ያለው። መጀመሪያ ሳሎኑ አለፈን። ቀጥሎ ማድ ቤቱ አለፈን። እትዬ ሰሊማ «አንተ ጠልሀ! ቤት ቀደመህ እኮ!» ብለው ሲጮኹ እርስዎ ፊትዎን ሳያዞሩ «እሱ ቸኩሎ ነው፣ ሰው የለበትም» አሉ። እናቴ ሳቀች። ወገቧን ይዛ፣ «አታስቁኝ፣ አመመኝ» እያለች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከጥር ወዲህ ሳቋን አልሰማሁትም ነበር፤ ድምፁ እንደዚያ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሰባ አምስት ማይል ቢነዱ ኖሮ ያ ቤት አይደርስብንም ነበር። ስለዚህ ሰባተኛውን ክስ በከፊል አንስቻለሁ፤ የቀረው ከፊል ኔብራስካ መሃል ሲደረስ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት እንደሚቆጠር ለሃያ ሁለት ዓመት ሹፌር ማስታወስ የኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም የሚለው ነው።

ኦማሃ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት ነው። እርስዎ መኪናውን ቀጥ አድርጌ ሳላቆም አልገባም አሉ። እኔ ሮጥኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሀጂ በመስኮቱ በኩል ምዕራቡን እያዩ ቆመዋል። ሪሃብ ልጁን ሰጠችኝ። በጣም ትንሽ ነው። ቅንድቡ የረሻድ ነው፤ ገና ከአሁኑ አንዱን ከፍ አድርጎ «ምን ቆየህ?» ይላል። አፌን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠግቼ ስሙን ነገርኩት። አላለቀሰም። ሀጂም «በል ጮክ በል፣ እኛም እንስማው» አሉ። እኔም ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ፣

«ጠልሀ!» አልኩ።

ከውጭ፣ ከጎማው ሥር፣ «አቤት! መጣሁ! ጎማ እያየሁ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ የሆነውን ያዩ ሰዎች ሠላሳ ይሆናሉ፤ እርስዎ ግን ፊትዎን ስላላዩት ልጻፍልዎ። እጅዎን በሱሪዎ እየጠረጉ በሩ ላይ ብቅ ብለው «ምን ሆንክ? ጠራኸኝ?» አሉኝ። «እርስዎን አይደለም ጋሼ፤ ጠልሀ ረሻድን ነው የጠራሁት» አልኩዎ። እንደ አነዳድዎ ቀስ ብሎ ገባዎት። መጀመሪያ ወደ ልጁ አዩ፣ ቀጥሎ ወደ እናቴ፣ ቀጥሎ የእንግዶቹ ጫማ መሃል ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ማንም አላስነሣዎትም።

ቅዳሜ ዕለት ልለውጠው ያሰብኩት ይህንኑ የእርስዎን ስም ነበር። በታኅሣሥም ረሻድን «ስንት ስም እያለ ለምን የጋሼን?» ብዬ ጠይቄው ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከትምህርት ቤት የሚወስዱን እርስዎ እንደነበሩ፣ ልጆቹ ሁሉ ሄደው፣ በሩ ተቆልፎ፣ ጠባቂዋ ሴትዮ ሰዓቷን እያየች ስትቆም፣ ያ ቢጫ ታክሲ በመጨረሻ ከጥግ ብቅ ይል እንደነበር አስታወሰኝ። «ጋሼ ያረፍዳል እንጂ አይቀርም» አለ። «ልጄም እንደዚያ ይሁን።»

እኔ በረሻድ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ እሱ ራሱ ስለቀረ። አሁንም ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ነገር ግን እሑድ ዕለት ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት «ረሻድ» የሚለው ስም ከሌላ ስም ኋላ ቆሞ፣ አባት ሆኖ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተጠራ። ይህ የሆነው እርስዎ ወደዚያ ሀይዌይ ስለገቡ ነው። ስለዚህ ከላይ በሰባት ቁጥር የዘረዘርኩት ክስ ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ውሳኔውም አሚሩ ራሳቸው በአሚሩ ላይ እንዲሰጡ እየጠየቅሁ፣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በአመራርዎ ሥር በአራት ቀን ሽማግሌ የሆነው፣
የጠልሀ የእህት ልጅ እና የጠልሀ አጎት፣
ሙኒብ

ማሳሰቢያ፦ ስምንት ሰዓት ቁጭ ማለት የማይችለው የእናቴ ወገብ፣ ለመልሱ ጉዞ አውሮፕላን ላይ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ እንደሚችል ዛሬ ጠዋት በአላህ ፈቃድ አስታውቋል፤ የእትዬ ሰሊማ ወገብም በዚያው ሰዓት መታመም ጀምሮ በዚያው አውሮፕላን ቦታ ተይዞለታል። እኔ ከእርስዎ ጋር በመኪናው እመለሳለሁ። ለትምህርት ቤቴም ያመለጠኝን የዓመቱን መጨረሻ ፈተና በተመለከተ ጽፌያለሁ፤ በዚህ ሳምንት ከኦማሃ ስለምንነሣ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ፈተና በጊዜ እንደምደርስ ተስፋ አለኝ።